ባቡሩ ምን ይፈጫል

ዋርድያ ነኝ፣ ይመር፤ ኮምቦልቻ ጫፉ ላይ፣
ቦርከና ከእግሬ ሥር፣ ሐረጎ ከበላይ።
የምጠብቀው ቤት፣ አይካድም፣ ያምራል፤
መስታወቱ ጧት ጧት ተራራ ይቀዳል።
ሙሽሮች እሑድ ʼለት ፎቶ ይነሱና
ሐዲዱን ረግጠው ይሄዳሉ በመኪና።

ሰዓቱ ለሁለት ሩብ ጉዳይ ላይ ቆሟል፤
መቼ እንደ ቆመ የሚያውቀው ተዛውሯል።
የትኬት ቆራጩ ወንበር ላስቲኩ ሳይወልቅ፣
ሰሌዳው አቧራ ለብሶ ፊደል ሲናፍቅ፣
ይኸው ስንት ክረምት።

አንድ ሌሊት፣ ሥራ ፈትቼ፣ በሌባ ጣቴ አቧራው ላይ
«ወደ አዋሽ፣ አሥራ ሁለት ከአርባ» ብዬ ጻፍኩበት፣ እስኪ ልይ።
ጧት ዘምዘም መጣች፣ ጽዳቷ፣ ጨርቋን ጨምቃ፤
አነበበችው መጀመሪያ፣ ቃል በቃል፣ ተጠንቅቃ፤
«ውይ፣ አመለጠን?» አለችኝ፤ ከዚያ ወለወለችው ስቃ።

ስሙ ግን ቀድሞታል፣ ደርሷል ከባቡሩ፤
ረዳቶች በመስኮት አንገት እያሻገሩ
«ባቡር ጣቢያ! አንድ ሰው! አንድ ሰው የሞላ!»
ይላሉ፤ ሕዝብ ይወርዳል፤
ማንም አይጠይቅም ስለ ባቡር ኋላ።

ጥቅምት ላይ ነው እንግዲህ፣ አንዲት አሮጊት መጡ ከሐርቡ ማዶ፣
አህያቸው ማሽላ ጭና፣ ጆሮዋ ከድካም ወርዶ።
«ባቡሩ እዚህ ነው አሉኝ።»
«አዎ እናቴ፣ እዚህ ነው።»
«ወረፋስ?»
«ኧረ ሰው የለው።»
«አልሐምዱሊላህ! በል አግዘኝ፣ እናውርደው።»

አወረድነው።
ከረጢቱ ነጩ ወለል ላይ ቁጭ አለ፤
ዕቃውን አቅፎ ሰዓት የሚያይ መንገደኛ መሰለ።
ልንገራቸው? አልንገራቸው? ይሄን ያህል ዓመት ቆይቶ
አንድ ተሳፋሪ ቢመጣ፣ እሱንም እኔ ልመልሰው ከቶ?

«እትዬ ጦይባ» አልኩ በኋላ፣ ስማቸውን ጠይቄ፣
«ይሄኛው እህል አይፈጭም»፤ አልኩና ቆምኩ ተጨንቄ።
ሐዲዱን አዩ ወደ ላይ፤ አዩ ደግሞ ወደ ታች።
«ታዲያ ይሄ ሁሉ ብረት ምን ይፈጫል?»
«መንገድ» አልኳቸው፤ «መንገድ ይፈጫል፤
ጧት የተሳፈረ በቀን አዋሽ ይገባል።»
አሰቡበት።
«ዱቄቱስ?» አሉኝ።

ዱቄቱስ!
ኪሴን ዳበስኩ፣ የሰጡኝ ይመስል።

ከጨርቃ ጨርቁ ጀርባ የናፍጣው ባቡር አለ፣
ዱግ ዱግ ሲል የሚውል፣ ጢስ እያንጠለጠለ።
አህያዋን እየነዳሁ፣ በሩን ለዘምዘም ትቼ፣
ሄጄ ተመለስኩ፣ ከቅንድቤ እስከ ጫማዬ ነጥቼ።
«ባቡር ሄደህ ነው?» አለችኝ።
«ባቡር ሄጄ ነው።»
እውነቴን ነበር።

ማታ አራት ሰዓት ላይ፣ ፈረቃው ሲለቀቅ፣
ባጃጁ ሲወደድ፣ አስፋልቱ ሲርቅ፣
የፋብሪካው ልጆች በሐዲዱ ይመጣሉ ተከታትለው፣
በስልካቸው መብራት ጠጠሩን ለይተው፤
ከሩቅ፣ ከመታጠፊያው፣ መስኮቱ የበራ ነገር ነው።

እነሳለሁ። ለምን እንደምነሳ እንጃ።
ኮፍያዬን አቃናለሁ፤ ባትሪዬን ሦስቴ አበራለሁ፤
አንዱ ጎረምሳ «ጡ—ጥ!» ይላል፤
ይስቃሉ፤ ያልፋሉ።

የዚያን ዕለት ግን መዝገቡን ገለጥኩ፤
«አራት ከሃያ። ሠላሳ አራት ሰው፣ ወደ ከተማ።»
«ጭነት» በሚለው ሥር፦
«ግማሽ ኩንታል ማሽላ። ተፈጭቷል።»