አቤት እና ወይ

እኛ ጎንደር ላይ ቃል ቁመት አለው፤
ትልቅ ሲጠራህ መልስህ «አቤት» ነው፤
ታላቅ ለታናሽ «ወይ» ብሎ ይመልሳል፤
ይህን ያልተማረ ከቤት ምን ወርሷል?

አዘዞ መጋዘን፣ ከሰሊጡ ክምር፣
ዓሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ሚዛን ስቆጣጠር
ሚስተር ጉዎን አውቃለሁ፤ ዝምተኛ ነበር።
ሦስት ቃል ነው ያለው፦ «ቶሎ»፣ «ስንት»፣ «የለም»፤
ምሳውን ከመኪናው ወርዶ በልቶ አያውቅም።
ደብተሩን በላስቲክ ጠፍሮ አስሮ
ይሄድ ነበር ማታ ከረጢቱን ቆጥሮ።

አምና መስቀል ሲያልፍ ሹ ዪ መጣች፤
ሃያ ስድስት ዓመቷ።
እጇን እስከ ክርኗ ሰሊጥ ውስጥ ነከረች።
ስልኳ ጮኸ። ጉዎ ነው። በጆሮዬ ሰማሁ፦
«ወይ» አለችው!
እኔ ለእሱ አፈርሁ።

«ይችማ ባለጌ ናት» አልኋት ጠጂቱን፣
ሰሊጥ አበጣሪዋን። እሷም ሰፌዱን
እያርገፈገፈች፦ «በአገራቸው ምናልባት
ዓለም ዞራ ይሆናል፤ ልጅ ሆኗል አባት።»

ኋላ ልጄ ፍልሰታ ነገረችኝ ትርጉሙን፤
በእነሱ «ሃሎ» ነው፣ ሲያነሡ ስልኩን።
ግን እንደ ቅኔ ሆነ፤ ሰሙ ቢሆን ስሕተት
ወርቁ እየወጣ መጣ ሲሄድ በወራት።

ሰሊጡን በመዳፏ ወደ ስልኳ ዘርግታ፣
ከመተማ የመጣውን፣ ከረጢቱ ያልተፈታ፣
ሸጠችው እየሳቀች፣ ለሺህ ሰው በአንድ ማታ።
መብራት ጠፋ መሐል ላይ፤ በባትሪ ጨረሰች።
ደላሎቹን ዘልላ ገበሬ ዘንድ ሄደች።
ጉዎን «አይሆንም» አለችው፤ ቋንቋውን ባልሰማ
ገባኝ ከአንገቷ። ሽማግሌው ዝም አለማ።

በኅዳር ተሸኘ። ደብተሩን ለእኔ ሰጠኝ፤
ላስቲኩ ላልቷል።

ፒያሳ ላይ ሕፃናት «ቻይና! ቻይና!» ሲሏት
ሹ ዪ ትቆማለች፦ «አንተስ፣ ማን ልበልህ?»
ልጁ አፍሮ ይሸሻል፣ ከእናቱ ቀሚስ ሥር።

በጥር ማሽን መጣ። ያበጥራል፣ ይለያል፣
የዐሥራ ሁለት ሴት ሥራ በሰዓት ይጨርሳል።
ጠጂቱ ሰፌዷን በብብቷ ይዛ
ወጣች። አልተራገመች። ግንባሯ ብቻ ወዛ።
ሹ ዪ ቆማ አየቻት። ስልኳ ጮኸ፤ አላነሣችም፤
ያን ቀን «ወይ» አላለችም።

ፍልሰታ ከማራኪ መሽቶባት ስትገባ
ጆሮዋን በሽቦ ደፍና፣ ከደጅ ወንበር ላይ፣
ምላሷን በቻይንኛ እየጠመዘዘች፤
ብጠራት «ወይ» አለችኝ! ደነገጠች። ሳቀች።
አልተቆጣሁም። ምን ብዬ?

ትናንት ነው። ሚዛን ላይ ጎንበስ ብዬ ሳለሁ
«አያ ሻረው!» የሚል ድምፅ ከኋላዬ ሰማሁ፤
ጥርት ያለ፣ የጎንደር አማርኛ።
ጡረታ የቀረበኝ፣ ሽበት የወረሰኝ፣
አያት የሆንሁ ሰውዬ፣ አፌ ቀደመኝ፦
«አቤት።»