ዜሮ ውጤት ያገኙ ፍለጋዎች

«እስከ ዓርብ አንድ ገጽ» አለችኝ ወይዘሮ ትርሲት፣
«የእውቀት ቋታችን ይሠራል? ቁጥር ስጪኝ፣ ተይ ተረት።»
ሰንጋ ተራ፣ ስድስተኛ ፎቅ፤ ባቡሩ በድልድዩ ሲያልፍ
ውሃዬ ብርጭቆው ውስጥ ይርዳል፣ ቁጥሬን ስለቅም፣ ስጽፍ።

ቁጥርማ ሞልቷል። ቁጥር ከሰው ይልቅ ታዛዥ ነው፣
ና ሲሉት የሚመጣ፣ ቁም ሲሉት የሚቆመው።
ዘንድሮ ዐሥራ አንድ ሺህ ጊዜ ገጽ ተከፍቷል፣
ካምናው በስልሳ አንድ በመቶ በልጧል፣
ግራፉ እንደ እንጦጦ አቀበት ሽቅብ ወጥቷል።

ደስ ይላል። ጠጋ ብዬ ሳየው
ግማሹ የዓመት ፈቃድ ቅጽ ነው።
ሩቡ ደግሞ «የይለፍ ቃል ቢጠፋ» የሚለው ገጽ፤
እሱንም ያስቀመጥነው የይለፍ ቃል ከሚጠይቅ በር ውስጥ።

«የተሽከርካሪ ጉዳት ግምት፣ ክፍል ሦስት»፤
አማካይ የንባብ ጊዜ ዘጠኝ ሰከንድ።
እታች ረዳቱ «ሜክሲኮ፣ ሳሪስ!» ብሎ በር እስኪዘጋ እንኳ ከዚያ ይረዝማል።
አንድ ሰው ብቻ አራት ሰዓት ከአሥር ደቂቃ አንብቦታል፦
ሸምሱ። ገጹን ከፍቶ፣ ጁምዓ ሰግዶ፣ ምሳውን በልቶ ተመልሷል።
ቋቱ «ትጉህ አንባቢ» ብሎ መዝግቦታል።

በሐምሌ፣ ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ፣
«ጄኔሬተሩ አልነሳ ሲል» የሚለው ተከፍቷል።
ጥበቃው ኦብሳ ነው፣ በሸምሱ ስም ገብቶ፤
ምድር ቤቱ ውሃ እየሞላ፣ መብራት ጠፍቶ።
በስልኩ አነበበ። ገመዱን ሳበ። ፓምፑ ተነሳ።
በሠንጠረዡ ላይ፦ አንድ።
ከአንድ የፈቃድ ቅጽ ጋር እኩል፣ አንድ።

የጎተራ በር ስንቴ ተከፈተ ብሎ
ማን ያውቃል የእህሉን ልክ፣ ማን በላ፣ ማን አደረ ጦሙን ውሎ?
አይጥም እኮ ትገባለች፤ እሷም ትቆጠራለች።
የኔዋም አይጥ፣ ከመዳፌ ስር፣ ጠቅ ጠቅ ትላለች።

ከዚያ ማንም ያልጠየቀኝን ሠንጠረዥ ከፈትኩ፤
ፈልገው ያጡትን።
«ባጃጅ በአንድ ቀን ሁለቴ ቢገለበጥ»፤ ዜሮ።
«የሟች ፊርማ ቢያስፈልግ»፤ ዜሮ።
«አለቃ ሲቆጣ»፤ ዜሮ። ማን እንደሆነ አውቃለሁ፣ አልናገርም።
«ዘርጋው»። «አቶ ዘርጋው ስልክ»። «ዘርጋው የት ገባ»።
ሠላሳ ሰባት ጊዜ።

የምድር ቤቱ መዝገብ ያዥ፤ በኅዳር ጡረታ ወጣ።
ቋቱን አንድ ቀን ሳይረግጥ፣ «ተጠቃሚ ያልሆኑ» ከሚለው ረድፍ ሳይወጣ።
ሊሄድ ሲል መቅጃ ይዘን ወረድን፦ «የሚያውቁትን ሁሉ ይንገሩን።»
«ስለ ምኑ?» አለን።
ፋይሉ ላይ የተጻፈው፦ «መረጃ አልሰጡም።»

አሁን ከብሔራዊ ቴአትር ጀርባ፣ ከሊስትሮው አጠገብ ይቀመጣል።
ሐሙስ በምሳ ሰዓት ሄጄ ከሩቅ ቆምኩ፣ በጣቴ ቆጠርኩ፤
በግማሽ ሰዓት አራት ሰው፣ ሁሉም የኛ ቤት፣
መዝገብ በብብት።
መነጽሩን ያወልቃል፦ «ማህደሩ ቢጫ ነው ወይስ ሰማያዊ?»
ጥቂት ያወራሉ። ከዚያ ገጻቸው ተፈቶ ይሄዳሉ፤
አንዱማ ጫማውንም አስጠርጎ።
ይህ ገጽ በየትኛው ረድፍ ይገባል?

ተራዬ ደረሰ። «ጋሼ፣ ቋቱ ይሠራል ልበል?»
አቧራ የለበሰ ጫማዬን አየ፣
«ስንቱ ነው ፈልጎ ያጣ?» አለኝ።

ዓርብ። ስልሳ አንድ በመቶውን ከላይ አደረግኩ፣ እንጀራዬ ነውና፤
ዜሮዎቹን ከታች፣ በደቃቅ ፊደል፣ ግን ሳላስቀር።
ልልከው ስል ጠረጠርኩ፤ ቁጥሩን ላጣራ ብዬ
ስሙን ፊደል በፊደል ጻፍኩ፣ ፈልግ የሚለውን ተጫንኩ።
ዜሮ።

ተመልሼ ሠንጠረዡን አረምኩት፦
ሠላሳ ስምንት።