ሁለት ጊዜ መጫን

ካርዱ ያረጀ ነው፤ በእርዳታ የመጣ፣
ስሙ የተፋቀ፣ ማኑዋሉ የታጣ።
ከጀልባችን ሆድ ሥር ድምፅ ወደ ታች ሰዶ፣
ማሚቶ ያዳምጣል፣ እስከ ደለል ወርዶ፤
ከዚያ ፕሮሰሰሩን ሳይጠራ፣ ሳያስፈቅድ፣
ቁጥሩን ሜሞሪ ላይ ያወርዳል በራሱ መንገድ።

ችግሩ ይኸ ነው፦ ካርዱ ሲሠራ ያኔ
አራት ጊጋ ማለት የምድር ጫፍ ነበር። በዘንድሮ ሰኔ
ሜሞሪ ጨምረን፣ አሥራ ስድስት ሞልተን፣
«ፈጠነ!» ብለን እጅ ለእጅ ተመታተን፣
ቦታው ሰፋ ስንል ልኬቱ ጠፋብን።
ከአራት ጊጋ ወዲያ አድራሻ ስንሰጠው
ፊተኛውን አኃዝ ሳያነብ ቆረጠው፣
የማያውቀው ሰው ደጅ ጭነቱን ገለበጠው።
ማክሰኞ ማሽኑ በድንገት ራሱን ሳተ፤
ረቡዕ ተነሣና፣ የጣና ጥልቀቱ ዜሮ ነው ብሎ ሞገተ።

«አዲስ ይገዛልን» አልኩ። አለቃዬ ጥጋቡ ሣቀ፤
የምንዛሪ ወረፋ ሲቆጥር ጣቱ አለቀ።
«ካርዱን እንደሁ» አለ፣ «መቀየር አልቻልን፤
የራሱን ድራይቨር አንቺው ጻፊልን።»

ሦስት ሌሊት ጻፍኩ። መብራት ሲሄድ ቆምኩ፤
ሲመጣ፣ የት እንደቆምኩ ረስቼ፣ እንደገና ጀመርኩ።
ትንኝ ስክሪኑ ላይ እንደ ነጠላ ሰረዝ እያረፈች
ስንቴ ልሰርዛት ተነሣሁ፤ በረረች።

ዓርብ ጠዋት፣ ዓይኔ ደም መስሎ፣ ወደ ሽምብጥ ወረድኩ።
ውኃው ሸሽቷል ዘንድሮ። ዳሩን እምቦጭ ይዞታል።
ከዘጌ የመጣው ጀልባ፣ ጌሾና ሎሚ እንዳዘለ፣
መቶ ክንድ ያህል ርቆ፣ ጭቃ ይዞት ዋለለ።
እሱ ዳር አይደርስም፤ ዳሩም ወደሱ አይሄድም።
እንድሪስ የደንገል ታንኳውን እየገፋ ወጣ፤
ባዶ ሄደ፣ ሞልቶ መጣ።
ደግሞ ባዶ ሄደ፣ ደግሞ ሞልቶ መጣ።

«ሁለት ጊዜ መጫን አይሰለችም ወይ?» አልኩት።
«ይሰለቻል» አለ፣ ዘንጉን ጭቃው ላይ ተክሎ፣
«ወገብም ይቆርጣል። ግን ሎሚው እዚያ ቆሞ…»
የቀረውን በትከሻው ጨረሰው።

ሳልሰናበተው ሮጥኩ።

ከአራት ጊጋ በታች፣ ካርዱ ከሚያውቀው ሠፈር
ጥቂት ቦታ ከለልኩ፤ ስልሳ አራት ኪሎባይት፣ የታንኳ ያህል ነበር።
ካርዱ እዚያ ያራግፍ፤ እኔ ከዚያ አንሥቼ
ላይ ላለው አስረክባለሁ፣ ቆጥሬ ሰጥቼ።
ፍጥነቱ ቀነሰ፤
ልኬቱ ግን ደረሰ።

ደረሰ ማለቴ፣ ግማሹ። ቅዳሜ የለካነው
እሑድም ሌላ ቦታ ሆነን ያው ነው።
ለካ ፕሮሰሰሩ፣ ኪሱ ውስጥ የሸጎጠውን የትናንት ወሬ
ይደግማል፣ ታንኳው ላይ አዲስ ጭነት ሳለ ዛሬ።
አንዲት መስመር ጎድላ ነበር፣
«ኪስህን አራግፍና ሄደህ እይ» የምትል።
አንዲት መስመር! ሁለት ቀን ስፈልግ የከረምኩት
እሷን ነው፣ ሻዬ ሲቀዘቅዝ፣ ደግሞ ሳሞቀው፣ ደግሞ ሲቀዘቅዝ።

ሰኞ እንድሪስን መሪ አድርገን ከዳር ተነሣን።
ቁጥሩ አንድ በአንድ ወረደ፦
ሰባት ሜትር ተኩል። ሰባት። ስድስት ከሃያ።
ስንመለስ፣ ከሽምብጥ ፊት ለፊት፣ አንድ ሜትር ከአሥር።
ጥጋቡ አጨበጨበ። እንድሪስ በትከሻዬ አሻግሮ ስክሪኑን አየና
«እሱንማ» አለ፤ ዘንጉን ከውኃው መዝዞ አቆመው፣
እርጥበቱ ያለቀበትን በጣቱ ያዘ፤
ከወገቡ ትንሽ ከፍ ብሎ።
ሜትር አወጣሁ። ልለካው አሰብኩና
አፍሬ መልሼ ከተትኩት።

ድራይቨሩን ከፍቶ የሚያነብ ሰው አንድ ቀን ከመጣ
የዚያች የጠባብ ቦታ ስሟን ያገኘዋል፦ ታንኳ።
ከጎኗም በአማርኛ የተውኩትን ማስታወሻ፦
«ዝግ ይላል። አውቃለሁ። አትሰርዙት።
ሎሚው ይበሰብሳል።»