ፍርፋሪ

ከቡካሬስት ዳርቻ፣ ከቆሻሻ ክምር፣
በቫን ተጭኖ መጣ፣ ስንት ድንበር ሲሻገር።
ኦሉ ደርሶ በውድቅት ሣጥኑ ሲከፈት
አልወጣም አለ ውሻው፤ በረዶ ነው ፊት ለፊት።
ሙሩ ብዬ ጠራሁት፤ ፍርፋሪ ማለት ነው በእኛ፤
በቤቴ ሌላ ሰው የለም፣ እኔ ነኝ አንድ ጡረተኛ።

የሳውናውን አግዳሚ ሥር አደረገው የግል ጓዳ፤
ሦስት ሳምንት ሳልታጠን ከረምኩ፤ ለፊንላንዳዊ ይህ ፍዳ።
መጥረጊያ ሲያይ ይሸናል፣ ይርዳል ባርኔጣ ሲያይ፣
ወንድ ካሳለማ ቀኑን ሙሉ አይታይ።
ፍቅር ይበቃዋል ብዬ አጎንብሼ አባበልኩት፣
ወደ ደረቴ ጎትቼ በሁለት ክንዴ አቀፍኩት፤
አውራ ጣቴን ነከሰኝ።
ልጄ ሚልያ በስልክ፣ «መልሰው፣ አባ» አለች፤
ያን ሌሊት አውራ ጣቴ እንደ ሌላ ልብ መታች።

ከዚያ ሲርካ መጣች፤ ሙያዋ ነው ውሻ ማሠልጠን፣
ሰባ ዩሮ በሰዓት። (ጡረታዬ መቼ አየ ይህን!)
ጀርባዋን ሰጥታው ወለሉ ላይ ቁጭ አለች፣
ጓንቷን ከኋላዋ ጥላ የግድግዳ ሰዓት ሰማች፤
ጊዜው አለቀ፤ ሰባውን ቆጥራ ተቀበለች።
«ምን ሠራሽ?» አልኳት ተናድጄ።
«ጓንቴን ሁለቴ አሸተተ። አንተ እኔን ስታይ ነበር» አለች።

በሁለተኛው ቀን ግን ተማሪው እኔው ሆንኩኝ፦
«አትጎንበስበት፣ በጎንህ ቁም፣ ትንፋሽህን አርዝም» ስትለኝ፣
«ከላይ የሚመጣ እጅ፣ ኡርሆ፣ ለሱ ድንጋይ ነው» አለችኝ።
ሠላሳ ዓመት በረዶ መጥረጊያ መኪና የነዳ እጅ
ከሥር መዘርጋት ተማረ፣ ፊደል እንደሚቆጥር ልጅ።

ጠቅ የምትል ነገር ሰጠችኝ፣ ኪሴ ሙሉ ደግሞ ቋሊማ፤
መጥረጊያው በሩቅ ቆመ፤ ሙሩ አየው፣ ጠቅታ ሰማ፣
በላ።
አሥራ ሁለት እርምጃ ነበር። በማግስቱ አሥራ አንድ።
በሳምንቱ ሰባት፤ ደስታው ሊያደርገኝ ነበር እብድ፤
ፖስተኛው ባርኔጣውን ደፍቶ፣ እያሳለ ብቅ አለ፤
ሙሩ ተፈትልኮ ሮጦ አግዳሚው ሥር ዋለ።
ዋለ ስል — ለእኔ ዋለ። «ተበላሸ!» ስላት፣ ደብተሯን ገለጥ አድርጋ፣
«ያኔ ተደብቆ ያድር ነበር፣ አልነበረም የሚረጋ፤
ዛሬ በሩብ ሰዓት ወጣ።
ውሻ በበላበት ይጮኻል ይላሉ፤ በተመታበትም ይጮኻል፤
ጆሮ ያለው ለይቶ ይሰማል።»

የወንዙ በረዶ ሲሰበር ከጎኔ ሄደ፣ ገመዱ ላልቶ፣
ጭራውን ከሆዱ ሥር እስከ ግማሽ ድረስ አውጥቶ።
አሁንም ወንድ ሲያስል ከኋላዬ ይሸሸጋል፤
እኔም ጉንፋን ሲይዘኝ ለማሳል ውጭ እወጣለሁ፤ ያስቃል።

ትናንት ሚልያ መጣች፣ ከዓመት ከመንፈቅ በኋላ።
ልጠመጠምባት ቸኩዬ ቆምኩ፤ ጎኔን ሰጠሁ፣ ትንፋሼ እስኪላላ።
እጄን ከሥር ዘረጋሁ።
መጣች።

ማታ ሳውና አነደድኩ። ሙሩ አግዳሚው ሥር ተኛ፣
በፍርሃት አይደለም አሁን፤ እንደ ደንበኛ ቤተኛ።
በሩን ግን ገርበብ አደርጋለሁ፣ መውጣት ካሰኘው ይውጣ፤
ጎረቤት ይሳቅብኝ፣ እንፋሎቴንም ልጣ።