ምንጭ

ደሴ፣ ከግቢው በር ማዶ፣ በአንዲት ቆርቆሮ ቤት፣
ኮፒና ጥረዛ፣ የመመረቂያ ጽሕፈት፤
አሥራ ሁለት ዓመት እንጀራዬ ይኸው ነው፣
በሰው ጭንቅላት ገብቶ በጣቴ የሚወጣው።

ጦሳ ጉሙን ሲደርብ፣ መብራት ሲሄድ ሲመጣ፣
«ሉባባ፣ ድረሽልኝ፣ ነገ ነው» የሚል አይታጣ።
የእንድሪስን ምዕራፍ ሦስት ለደርብ ስቀጥል፣
የደርብን ምስጋና ለሙሄ ስነቅል፣
«ከሁሉ አስቀድሜ ፈጣሪን» ከሚለው
እስከ «ውድ ባለቤቴ» ቃል በቃል ያው ነው፤
ሚስት የሌለው ልጅ እንኳ ሚስቱን አመስግኖ
ተመርቋል አንድ ዓመት፣ ማንም ሳይል «ምን ሆኖ?»

ነባሩ መርማሪ፣ ያ የቀድሞው ሶፍትዌር፣
ፊደላችን ሲደርሰው ዓይኑ ይጨልም ነበር፤
ሠላሳ ገጽ ግልባጭ «ዜሮ በመቶ» ብሎ
ያሳልፈው ነበር፣
እንደተኛ ዘበኛ በሩን ከፍቶ ጥሎ።

ዘንድሮ ግን ተለወጠ።
ማስታወቂያው በማኅተም በሩ ላይ ተለጠፈ፣
በአራት ቁራጭ ፕላስተር ጥግ ለጥግ ታቀፈ፦
«አዲሱ ሥርዓት የግዕዝ ፊደል ያነባል፤
ከሃያ በመቶ ያለፈ ለባለቤቱ ይመለሳል።»
ለባለቤቱ! የቱ ባለቤት? ብዬ ሳቅሁ ብቻዬን።
ማታውን ግን ደበቅሁ
ከበርበሬው ማሰሮ ሥር ሁለቱን ፍላሼን።

በኅዳር መጨረሻ ጦይባ መጣች ስታለቅስ፣
ሪፖርቷን በሻሿ ጫፍ ጠቅልላ፣ በጉም እንዳይርስ።
«እትዬ ሉባባ፣ ወላሂ፣ ከሐርቡ እስከ ኩታበር
የጉድጓድ ውሃ ስለካ ከረምኩ ከመንደር መንደር፤
ሃያ አንድ አለኝ፤ አንዷን ቢተውልኝ ምን ነበር!»

ገለጥኩት። ገጽ ሠላሳ ስምንት።
አንድ አንቀጽ፣ ከዳር እስከ ዳር፣ ቀይ፦

«ምንጭ ደረቀ አይባልም፤ ምንጭ አይሞትም፤ ይኮርፋል።
እግር ሲቀርበት፣ እንስራ ሲርቀው፣ አፈሩን ይከናነባል።
የሚጠራው የመጣ ቀን ድንጋዩን ገፍቶ ይሰማል።»

ጣቶቼ ቀዘቀዙ።
የዛሬ አሥር ዓመት ይመር፣ መደምደሚያው ጠፍቶት፣
ወንበሬ ላይ እንደተቀመጠ እንቅልፍ ሲጥለው ሌሊት፣
እኔ፣ ከስምንተኛ ክፍል ያቋረጥሁት ሉባባ፣
ከገራዶ በላይ የነበረው ምንጭ ትዝ ብሎኝ ሆዴ ሲባባ፣
ጻፍኩለት። አልነገርኩትም። ሲነጋ
ከፍሎ ወጣ፣ በሁለት ብር የገጽ ዋጋ።

ማሽኑ ከግርጌ ይዘረዝራል፤ አያፍር፣ አይታክተው፦
ምንጭ አንድ፣ ይመር። ምንጭ ሁለት፣ ከወልድያ አንድ ሰው።
ምንጭ ዘጠኝ፣ በጉባኤ የተነበበ የአንድ ዶክተር ጥናት፤
እኔው ነበርኩ የጠረዝኩት፣ በሰማያዊ ወረቀት።
ሃያ ሦስት ምንጭ ቆጥሮ
አንዱን ምንጭ አላገኘም።

«ከየት አመጣሽው?» አልኳት።
«ከሙሄ ጥናት» አለች፣ መሬት መሬት እያየች፤
«ሳነበው ግን የሰፈራችን ሰው ያወራው መሰለኝ።
እንዲህ ያለው ነገር በማን ስም ይጠቀሳል?»

ምን ልበላት? ብናገር የማሽኑ ሌባ እኔ ነኝ፤
ዝም ብል ደግሞ፣ ቃሌን ወሰደች ብዬ የምከሳት ማነኝ?

አጠፋሁት። ቀዩ ነጣ።
ያንኑ ምንጭ፣ በሌላ ቃል፣ ዳግመኛ ከገራዶ ቀዳሁ፤
ስለ እንቁራሪቱ፣ ስለ ቄጠማው፣ ስለ ስንጥቁ ቅል ጻፍሁ።
ወስዳ ጫነችው። ከሰዓት እየሮጠች መጣች፦
አሥራ ስድስት በመቶ!
ያ አንቀጽ ነጭ፣ ምንም ያልነካው።
ግንባሬን ሳመችኝ፣ ምርቃቷን አወረደችው፣
ታክሲ ሲጠራት ሄደች።

ከርሞ ሌላ ልጅ ይመጣል፣ እንቁራሪቱ ቀልታበት።
ማሽኑም ከግርጌው ይላል፦ ምንጭ አንድ፣ ጦይባ።
እኔ እንደሆንሁ ሂሳቤን ተቀብያለሁ።
ገጹ አሁን አሥር ብር ገብቷል።