ከዜሮ ሲቆጠር

የመጀመሪያ ቋንቋዬን አልመረጥኩትም፤
እናቴ ጀርባ ላይ ታዝዬ ሰማሁት፣ ዋጋህ ስንት ነው አላልኩትም።
ሁለተኛው ከሰፈር ልጆች ጋር፣ ከጭቃና ከድንጋይ፤
ሦስተኛው ከጥቁር ሰሌዳ፣ ከጠመኔ ብናኝ ላይ።
አራተኛውን ግን «ምረጪ» አሉኝ፤
እንደ ጫማ ለኪው፣ እንደ ባል አጥኚው፣ ብለው አስጨነቁኝ።

ለዳሞ ባጃጁን መናኸሪያ ጥግ አቁሞ፣ ጎማ እያስነፋ፣
«ጃቫ ነው እንጂ! ባንክ የሚቀጥረው እሱን ነው» አለ በይፋ።
(ጃቫን በዓይኑ አላየውም፤ የአክስቱ ልጅ ነው የነገረው፣
ግን ራሱ እንደሠራው ሁሉ እያሞካሸ ነው የሚያወራው።)
ትንግርት፣ የዩኒቨርሲቲ ሦስተኛ ዓመት፣ መነጽሯን በሻሿ ጫፍ እየጠረገች፣
«በሲ ጀምሪ፤ ጥርስሽ ይነቃነቃል፣ ኋላ ግን አጥንት ትሰብሪበታለሽ» አለች።
የኢንተርኔት ቤቱ ምንውዬለት መልስ ሲቆጥርልኝ፣
«ፓይተን! ስሙ ዘንዶ ነው፣ ጠባዩ ግልገል» ብሎ ማለልኝ።

ሦስት ወር መረጥኩ።
መምረጥን እንደ ሥራ ያዝኩት፣ ደሞዝ እንዳለው።
ለካርድ ያልኩት ብር በቪዲዮ ላይ ቪዲዮ አለቀ፤
አንድ መስመር ሳልጽፍ ስለ መጻፍ ሁሉን አወቅሁ፣
እግሩን ሳያርስ ስለ ሐይቁ ጥልቀት እንደሚከራከር
የፍቅር ሐይቅ ዳር የእሁድ ሽርሽረኛ።

ሆጤሶ ነው የገላገለኝ።
አሞራ ገደል፣ ጀልባው ላይ ተቀምጦ መረብ ሲጠግን፣
«የመጀመሪያ መረቤ የሟች አጎቴ ነበር» አለኝ፣ «ሦስት ቦታ የተቀደደ።
አምባዛው ሲገባ፣ የማን መረብ ነው ብሎ አልጠየቀም።»
ይህን ብሎ ሃያ ብር ተበደረኝ።

እኔም ፓይተንን ያዝኩ።
ስለተሻለ አይደለም፤
የምንውዬለት ኮምፒውተር ላይ ተጭኖ ስላገኘሁት ነው።

ከዚያ ደግሞ ሌላ ጣጣ፦ ምን ልሥራበት?
ካልኩሌተር ሥሪ አሉኝ። ስልኬ ላይ አለ።
ቁጥር መገመቻ ጨዋታ ሠራሁ፤
ማሽኑ ደበቀ፣ እኔ ገመትኩ፣ አገኘሁ፣
«ጎበዝ!» አለኝ፤
እንዲል የጻፍኩለት እኔው ነኝ።

ጠረጴዛዬ ላይ ግን የማኅበሩ የዱቤ ደብተር ነበረ፤
ገጹ በቅርፊት የተጣበቀ፣ ቀለሙ ከውሃ የሸሸ፣
የማን ዕዳ የማን እንደሆነ እግዜር ብቻ የሚያነበው።
እሱን ጻፍኩት። ስም፤ ቆሮሶ ስንት፤ አምባዛ ስንት፤ የቀረ።
ሁለት ሳምንት ቀይ ጽሑፍ፣ እንደ ክፉ መምህር እስክሪብቶ፤
የረሳሁት ሁለት ነጥብ፣ ያልዘጋሁት ቅንፍ፤
በአሥራ አምስተኛው ቀን ዝም አለ። ሠራ።

ሆጤሶ ሃያ ቆሮሶ አስረከበ።
ማሽኑ አሥራ ዘጠኝ አለ።
ደገምኩ፤ አሥራ ዘጠኝ።
«አንዷን ማን በላት?» ሆጤሶ ጮኸ፣ ሰው ተሰበሰበ፤
አባ ኮዳ እዚያው ቆሟል፣ ክንፉን ወደ ኋላ አጣምሮ፣
ጡረታ የወጣ ዳኛ መስሎ።
እኔም እሱን ጠረጠርኩ።

ሌሊቱን ሳልተኛ መስመር በመስመር ለቀምኩ።
እኔ ከአንድ ጀምሬአለሁ፤ ማሽኑ ከዜሮ ይጀምራል።
የመጀመሪያዋ ዓሣ ዜሮ ወንበር ላይ ተቀምጣ
ሳትጠራ ቀርታለች፣ ዓይኗን አፍጥጣ።
እናቴ ጣቶቼን ይዛ «ሚቴ፣ ላሜ፣ ሳሴ» ስትለኝ
ከባዶ መዳፍ አልጀመረችም፤
እና ሳልመርጠው የመጣው ቋንቋ
የመረጥኩት ውስጥ ሾልኮ ገብቶ አንዲት ቆሮሶ በልቷል።
አባ ኮዳ ንጹሕ ነው።

ጠዋት ለሆጤሶ ነገርኩት፣ ከዜሮ መቁጠርን በጣቴ እያሳየሁ።
ዝም ብሎ ሰማኝ፤ ቢላውን በጀልባው ጠርዝ ጠረገ፤
«ዓሣዬን በእናትሽ ቁጠሪው፣ ከአንድ» አለ፤
«ዕዳዬን በማሽኑ ጀምሪው፣ ከዜሮ።»

ሃያ ብሩ ግን
መዝገቡ ላይ አለ።