ጨው የበላው ምንሽር

ከኮርኒሱ አወረድኩት፣ በጆንያ ተጠቅልሎ፣
ሠላሳ ስምንት ክረምት የአይጥ ጎጆ አዝሎ።
በረንዳው ላይ ካርቶን ዘርግቼ ከጉልበቴ አጋደምኩት፤
ክንዱ እንደ ተሰበረ ሰው ቀስ ብዬ ገለበጥኩት።
የአባቴ የሂርጳ ምንሽር፤
የአዳማ ባቡር ጣቢያ ዘበኛ፣ የሌሊት ሰው፣ የማይናገር።

ወንድሜ ኦብሳ ነው ያዘዘኝ፦ "አጽጂው፣ ሳሎን ይሰቀላል፤
ለልጄ ሽማግሌ ሲመጣ፣ ቤቱ የወንድ ቤት ይመስላል።"

እኔ ስለ ጠመንጃ ምን አውቃለሁ?
ድስት ነው የማውቀው። ያረረ ድስት መፈግፈግ አውቃለሁ።

ከፋኖሱ የተረፈች ላምባ በቲማቲም ጣሳ፣
ከሰላጣ የተረፈ አቼቶ፣ ክዳኑ የተበሳ፣
የኑግ ዘይት በሲኒ፣
የልጄ አሮጌ ጥርስ ብሩሽ፣
የሟች ባሌ ነጠላ ካልሲ።
(ሌላው እግሩ የት እንደ ገባ እሱም ሳያውቅ ሄደ።)

ላምባ አይቸኩልም። አጠጣሁትና ጠበቅኩ።
ባጃጅ ሲያልፍ፣ ጋሪ ሲያልፍ፣ የፈረሱን ቃጭል ቆጠርኩ።
ንፋሱ በሶደሬ መንገድ አቧራውን ጠርጎ ሲመጣ
በነጠላዬ ሸፈንኩት።
ከዚያ ሽቦውን አንሥቼ ፈገፈግኩ፣ ፈገፈግኩ፤
ጣሳው ውስጥ ያለው ላምባ የበርበሬ መልክ አወጣ።

ዝገት ቅርፊት አለው፤ ቅርፊቱ ሲነሣ
ከሥሩ ሌላ ዝገት።
የላዩ ቀይ ነው፣ ይለቃል፤
የሥሩ ጥቁር ነው፣ ጉድጓድ ነው፣
ፈንጣጣ እንደ ጎበኘው ፊት።
የፈንጣጣ ጠባሳ ደግሞ በዘይት አይለቅም።

መቀርቀሪያው አልንቀሳቀስ አለ።
ኑጉን አሙቄ ጠብ አደረግኩበት፣ ጠብ፣ ጠብ፣
እንደሚያመው ሕፃን ጆሮ።
ከቀትር በኋላ "ቋ!" አለ።
ባዶ ነው። ተመስገን፣ ባዶ ነው።
አፈሙዙን ወደ ፀሐይ አዙሬ በኋላው በኩል ባይ
ፀሐይ የለችም።

በጃንጥላ ዘንግ ላይ ካልሲውን ጠምጥሜ ሰደድኩ፤
መሐል ላይ እምቢ አለ። ገፋሁ።
እንደ ጠጠር የደረቀ ጨርቅ ወጣ፣
ሰማያዊ፣ ከባቡር ሠራተኛ ሸሚዝ የተቀደደ፣
እጥፋቱ ውስጥ ነጭ፣ ነጭ ፍሬ።
ስኳር መሰለኝ። በምላሴ ጫፍ ነካሁት።
ላምባ ላምባ ይላል፤ ከላምባው ሥር ግን
ጨው።

እናቴ ዓይኗ ካየ ቆይቷል፤
ላምባው ግን አልጋዋ ድረስ ሸትቷታል።
"ተይው" አለች ከውስጥ። "እሱ ራሱ ነው ያዛገው።
ሦስት ሌሊት፣ በገዛ እጁ፣ ጨውና ውሃ እያጠጣ፤
እኔ ፋኖስ እያበራሁለት።

"የወንጂ ፉርጎ ቆሞ ነበር፣ ስኳር የጫነ።
ልጁ ጆንያውን በምላጭ ቀዶ በኮፍያው ይቀዳል።
አባትሽ 'ቁም!' አለ።
ልጅ መች ይቆማል።
ሲደርስበት፣ ኮፍያውን እንዳቀፈው ነው፤
አንዲት ፍሬ አልደፋም።

"ከዚያ ወዲያ ሻይ ያለ ስኳር ጠጣ።
እናንተ ስኳር በሽታ መሰላችሁ።"

ሐኪም ቤት የወሰድነው ትዝ አለኝ። ምርመራው ደህና ነው ሲሉን
መሣሪያውን ነበር የተጠራጠርነው።

እንግዲህ ምን ላድርግ? ግማሹ ያበራል፣ ግማሹ ቀይ ነው።
ጨርቁን ወደ ነበረበት መልሼ ጠቀጠቅኩ፤
በያዝኩት ዘንግ፣ ቀስ አድርጌ።
ጆንያውን ላራግፍ ስገለብጠው
የደበዘዘ አረንጓዴ ፊደል አየሁ፤
ሳላነብበው አጠፍኩት።

እጄን በሳሙና ሦስቴ ታጠብኩ፤ ላምባው አልለቅ አለ።
ለእናቴ ሻይ አፈላሁ።
በሩ ላይ የኦብሳ ሞተር ብስክሌት ቆመ፣
"አለቀ ወይ?" ይላል ገና ከአጥሩ ማዶ።
ማንኪያው በእጄ፣ የስኳሩ ጣሳ ተከፍቶ፣
ለማን ቅድሚያ እንደምመልስ አላውቅም።